አሞሌ በወጣበት መንገድ

ተመላሿ፦ መምህር፣ ጅዳ ሳለሁ በየማለዳው የመጀመሪያ ሥራዬ ግቢ ማጠብ ነበር። እብነ በረዱን ከበር እስከ በር በጎማ አጥባለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን መኪና፤ ከዚያ የዘንባባውን ሥር አጠጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቧንቧውን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ በጣሳ የምትለካውን ውኃ እኔ ወደ አስፋልት እለቀው ነበርና። በሦስተኛው ወር ለመድኩት፤ መልመዴን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ስድስት ዓመት ቆይቼ መቀሌ ስመለስ ያው የድሮው ጀሪካን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ተማሪዎ ነበርኩና ልጠይቅዎት፤ ያ ውኃ ለእነሱ ሲሆን ለእኛ የማይሆነው ለምንድን ነው?

መምህሩ፦ ያ ውኃ ከባሕር የተጣራ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ተመላሿ፦ አውቃለሁ። በጀልባ ያሻገረን ያው ቀይ ባሕር ነው። ሳዑዲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። እኛ ተከዜ አለን፤ ግባ አለን፤ ክረምት አለን። ወንዝ የሌለው አገር ግቢ ሲያጥብ ክረምት ያለው ከተማ ቦኖ ላይ ይሰለፋል። ቀይ ባሕር ደግሞ ከመቀሌ በአየር ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መምህሩ፦ ባሕሩን ወደ መቀሌ እናውጣው ልትዪኝ ነው።

ተመላሿ፦ ለምን እንደማይሆን በቁጥር ያስረዱኝ ልል ነው። «አይሆንም» የሚለውን ቃል ብቻውን ሰምቼ ጠግቤአለሁ።

መምህሩ፦ እሺ። መጀመሪያ እነሱ እንዴት እዚያ እንደደረሱ እንይ። ጅዳ ገና በኦቶማኖች ዘመን መጨረሻ የባሕር ውኃ አፍልቶ እንፋሎቱን የሚያጠራቅም ማሽን ነበራት። ሕዝቡ ከንዳሳ ይለው ነበር። ንጉሥ አብዱልአዚዝም እ.ኤ.አ. በ1928 ሁለት ማሽን አስመጣ፤ ነዋሪውና የሐጅ ተጓዡ እንዲጠጣ። እነዚያ ለአንድ ከተማ እንኳ የማይበቁ ነበሩ። የባሕር ውኃ ማጣራትን ብቻ የሚሠራው ትልቁ የመንግሥት ተቋም የቆመው በ1974 ነው። ዓመቱን ልብ በዪ፤ የነዳጅ ዋጋ በአራት እጥፍ በናረ ማግስት ነው።

ተመላሿ፦ ልብ ብያለሁ። ነዳጅ አለን አላልኩም። ግን ሌላም ነገር ልብ ብያለሁ። የዚያ ተቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ልዑል ሞሐመድ አልፈይሰል ከደቡብ ዋልታ የበረዶ ተራራ ጎትቶ እስከ አገሩ ለማምጣት አስቦ፣ በ1977 አሜሪካ አዮዋ ውስጥ የሳይንቲስቶች ጉባኤ እንዲደረግ ገንዘብ ሰጥቷል። በረዶው አልመጣም። እኔን የሚያስቀናኝ በረዶው አይደለም፤ ለሕዝብ ውኃ ሲባል እስከዚያ ድረስ የሚያስብ ሹም መኖሩ ነው።

መምህሩ፦ ቅናትሽ ይገባኛል። አሁን ግን ወደ ሒሳቡ። ሪያድ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ከጁበይል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ ቧንቧ ትጠጣለች። ከፍታዋ ግን 600 ሜትር ገደማ ነው። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። ያንን ዳገት ውኃ በፍቅር አይወጣውም።

ተመላሿ፦ አብሃስ? የዐሲር ዋና ከተማ 2,200 ሜትር ላይ ናት፤ ከእኛ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። ከሹቀይቅ ባሕር ዳር የተጣራ ውኃ ተራራ ወጥቶ ይደርሳታል። በጂዛን በኩል የገቡ የእኛ ልጆች እዚያ ፍየል ጠብቀዋል፤ የዚያን ቧንቧ ውኃ ጠጥተዋል። ሒሳቡን እርስዎ ባስተማሩኝ የፓምፕ ቀመር ሠርቼዋለሁ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 2,100 ሜትር ለማውጣት፣ የፓምፑ ብክነት ጭምር፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጨዉን በሪቨርስ ኦስሞሲስ ለማጣራት፣ ማለት በከፍተኛ ግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ ለማሳለፍ፣ ከ3 እስከ 4። ሲደመር 11 ይበሉት።

መምህሩ፦ የቧንቧው ሰበቃ አለ።

ተመላሿ፦ ይጨመር። አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ነው። ለአንድ ጀሪካን ሩብ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሁለት እንጀራ ሲጋግር የሚበላው ያህል ነው፣ መምህር! ከባሕር እስከ እናቴ ደጃፍ፣ ጨዉ ወጥቶለት፣ ተራራ ወጥቶ፣ የሁለት እንጀራ መብራት። ለግማሽ ሚሊዮን ሰው፣ ለያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢሰጥ፣ ሌት ተቀን የሚያስፈልገው 12 ሜጋዋት አይሞላም። የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው።

መምህሩ፦ 5,150 ከፍተኛው አቅሙ ነው፤ በዓመት አማካይ ሲታይ ከዚያ ግማሹም አይደርስም። ቢሆንም 12 ሜጋዋት ለዚያም ቢሆን ኢምንት ነው። በዚህ ረትተሽኛል። ለዓመታት ክፍል ውስጥ «ጉልበቱ አይቻልም» እያልኩ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በእንጀራ ለክቼው አላውቅም ነበር።

ተመላሿ፦ እንግዲያ ምን ቀረ?

መምህሩ፦ ቧንቧው የሚያልፍበት ምድር ቀረ። ባሕሩ የእኛ አይደለም። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ናት፤ ያ 200 ኪሎ ሜትር በሌላ መንግሥት ፈቃድ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ዛሬ ተስማምተሽ ብትዘረጊው ነገ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን አታውቂም።

ተመላሿ፦ ጅቡቲ በእኛ እጅ አይደለም እንዴ የምትጠጣው? ከሶማሌ ክልል፣ ከሺኒሌ አጠገብ ካለው ሐዳጋላ፣ ከምድር ወጥቶ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ድንበር የሚሻገር ውኃ አለ። በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል፤ ከእኛ በነጻ፣ ለ30 ዓመት። በረሃ ያለ አርብቶ አደር ከሚኖርበት ምድር ቀድተን ለጎረቤት ከላክን፣ ከጎረቤት ባሕር መቅዳት ለምን ይከብዳል?

መምህሩ፦ ጅቡቲ ያን ውኃ ከተቀበለች በኋላ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ዶራሌ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የራሷን የባሕር ውኃ ማጣሪያ አቆመች። ሁለቱንም ይዛለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ሌላው ቢቀር ድንበር ሳይኖርም ቁልፍ ይዘጋል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር እዚሁ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ መቀሌን የሚያጠጡት የዓይናለም ጉድጓዶች ዝም አሉ። ውኃው ከእግራችን በታች አለ፤ ፓምፑ ግን መብራት ይሻል፤ ጀኔሬተሩ ናፍጣ ይሻል፤ ቦቴው ናፍጣ ይሻል። መቶ ሜትር ጥልቀት ያለ ውኃ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ ያህል ሆነ። ከሁሉ ያተረፉት የእጅ ጉድጓድ የነበራቸው ናቸው። በገመድና በባልዲ። ከዚያ ወዲህ ረጅም ቧንቧ በሥዕል ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ የሚቆረጥበት ቦታ ነው።

ተመላሿ፦ እኔ ያን ጊዜ ጅዳ ነበርኩ። ስልክ ተቆርጦ እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ግቢ አጥብ ነበር። ጎማውን ይዤ፣ ይህ ውኃ አሁን እሷ ዘንድ ቢደርስ እያልኩ። ምናልባት ያኔ ነው ይህን ሒሳብ መሥራት የጀመርኩት። ስለዚህ ቧንቧ ይቆረጣል ሲሉኝ ይገባኛል። ግን የጉድጓዱም መብራት ተቆርጧል ብለውኛል አሁን። የቀረበውም የራቀውም ከተቆረጠ፣ ቅርበት ምን ያህል ዋስትና ነው?

መምህሩ፦ የጠበበ ዋስትና ነው፤ ግን ዋስትና ነው። የሳዑዲን ነገር ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ባሕር ላይ ሲለቀቅ ጁበይል ያለውን ማጣሪያ ለማትረፍ የተደረገው ርብርብ አገር ለማትረፍ ያህል ነበር። በ2008 ከሪያድ የአሜሪካ ኤምባሲ የተላከና በኋላ ይፋ የወጣ መልእክት፣ ያ ማጣሪያ ወይም ቧንቧው ክፉኛ ቢጎዳ ሪያድ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልቀቅ ይኖርባታል ይላል። ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ዋና ከተማ ነው። ያን ሁሉ ሀብት ይዘው ሕይወታቸው በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ተመላሿ፦ ከዚያ ወዲህ ማጠራቀሚያ ገንብተዋል፤ ማጣሪያም አብዝተዋል። ራስ አልኸይር ብቻውን በቀን አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያወጣል። ክሩን አይተው ገመድ ለማድረግ ሞከሩ። እኛ ክሩን አይተን ምን አደረግን?

መምህሩ፦ እነሱስ ቢሆን ክሩን ያዩት ሌላውን ገመድ በጥሰው ነው። በረሃው ሥር ከሺህ ዓመታት በፊት በዘነበ ዝናብ የተጠራቀመ ውኃ ነበራቸው። ተመልሶ የማይተካ። እሱን በፓምፕ እያወጡ ስንዴ ዘሩበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳዑዲ ከዓለም ትልልቅ የስንዴ ላኪዎች አንዷ ነበረች፤ ይታይሽ፣ ወንዝ የሌላት አገር! ጉድጓዱ እየራቀ ሲሄድ በ2008 ስንዴውን ቀስ በቀስ ለማቆም ወሰኑ፤ እስከ 2016። በዚያው ሰሞን ባለሀብቶቻቸው ውጭ አገር መሬት እንዲይዙ ተበረታቱ። የሼህ ሞሐመድ አላሙዲ ሳዑዲ ስታር ጋምቤላ ውስጥ 10,000 ሄክታር ለሩዝ ተከራየ። ሩዝ ማለት ውኃ ነው፤ የራሳቸው ሲያልቅ ወደ እኛ አዩ። አንድ አገር ባሕር ማጣራት ስለቻለ ብቻ ውኃ ማክበር አያውቅም። ይልቁንም የቻለ ጊዜ ይረሳል። እጅሽ በሦስት ወር ውስጥ መንቀጥቀጥ ማቆሙን አንቺው ነግረሽኛል።

ተመላሿ፦ እውነት ነው። ግን እነሱም ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥታቸው «ቀጥራ» የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ ጠብታ ማለት ነው። ሰው በቀን 263 ሊትር የሚያጠፋውን መጀመሪያ ወደ 200፣ እስከ 2030 ደግሞ ወደ 150 ለማውረድ።

መምህሩ፦ ዋጋውን ለመጨመር የሞከረው ሚኒስትር ግን በ2016 ከሥልጣን ወረደ። ሕዝቡ ጮኸ። ከዚያ በፊት ለመጀመሪያው 50 ሜትር ኩብ ይከፍል የነበረው በሜትር ኩብ 10 ሀላላ ነበር፤ የአንድ ሪያል አንድ አሥረኛ። 50 ጀሪካን በ10 ሀላላ!

ተመላሿ፦ እዚህ ላይ ይቆዩ መምህር። ይህን ሲናገሩ እነሱን እየወቀሱ ነው፤ እኔ ግን እኛን ነው የሚሰማኝ። እናቴ ከጋሪ የምትገዛው ጀሪካን፣ በሜትር ኩብ ቢሰላ፣ ቧንቧ የገባለት ሰው ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። በቤቱ ቧንቧ ያለው በርካሽ፣ ሮቶ ያለው በመጠኑ፣ ምንም የሌለው በውድ። እነሱ ሁሉንም በእኩል በርካሽ አበላሹ እንበል። እኛ ደግሞ ድሃውን ለይተን እናስከፍላለን። የትኛው ነው ይበልጥ ውኃን አለማክበር?

መምህሩ፦ የእኛው። ያለ ማቅማማት።

ተመላሿ፦ ታዲያ።

መምህሩ፦ ታዲያ ባሕሩ ቢመጣ ይህ ይስተካከላል ወይ? እሱ ነው ጭንቀቴ። አንድ ነገር ልንገርሽ። አሞሌው ከየት ይመጣ እንደነበር አስቢ። ከዳሎል፣ ከአሳሌ ሜዳ፤ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ካለ ምድር። ያ ጨው ራሱ የቀይ ባሕር ቅሪት ነው። ባሕሩ በጥንት ዘመን ገብቶ ኋላ ተለይቶ ቀረ፤ ፀሐይ ውኃውን ወሰደችና ጨዉን ተወችልን። ዛሬ በማሽን የሚሠሩትን ፀሐይ በዳናኪል ሠርታዋለች፤ ልዩነቱ እነሱ ውኃውን ይዘው ጨዉን ይጥላሉ፤ እኛ ጨዉን ይዘን ውኃውን ሰማይ ወሰደው። ጨው ሊጭኑ አርሆ የወጡ አባቶቻችን ያን አሞሌ በግመልና በበቅሎ ጭነው፣ በበራህሌ አድርገው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ዳገት አውጥተው መቀሌ አራገፉት። ይህች ከተማ በጨው ገበያ ነው የደረጀችው።

ተመላሿ፦ እኔ ልለው የነበረውን አሉልኝ። ጨው በግመል ጀርባ ከወጣ ውኃ በቧንቧ ለምን አይወጣም?

መምህሩ፦ ጨው የወጣው ገንዘብ ስለነበረ ነው። ቃል በቃል ገንዘብ፤ በአሞሌ ይገዛ ይሸጥ ነበር። አብሃ ላይ ውኃው ተራራ የሚወጣው ከበስተኋላው የነዳጅ ገንዘብ ስለሚገፋው ነው። የእንጀራሽ ሒሳብ ትክክል ነው፤ ግን የመብራቱን ብቻ ነው የቆጠርሽው። ማጣሪያው፣ ቧንቧው፣ በየዳገቱ የሚተከለው ፓምፕ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየረው ስስ ሽፋን፣ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ነው። ያን ያህል ዶላር የወጣበት ውኃ መቀሌ ሲደርስ መጀመሪያ የሚገባው የት ይመስልሻል? ሆቴሉ ነው፤ ፋብሪካው ነው፤ ሮቶ ያለው ግቢ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ በመጠለያ የቀሩ ተፈናቃዮች ዘንድ በመጨረሻ ይደርሳል፣ ከደረሰ። ውኃ ገንዘብ ወዳለበት ሽቅብ ይወጣል፤ ገንዘብ ወደሌለበት ቁልቁልም አይወርድም።

ተመላሿ፦ ይህ በባሕሩ ላይ ብቻ የሚነሳ ተቃውሞ አይደለም። ለመቀሌ ውኃ የተጀመረው የግባ ግድብ ቢያልቅም ያው ጥያቄ ነው። እሱም በብድር ነው፤ ከቻይና ባንክ፣ በቻይናው ጌዡባ ኩባንያ። ጦርነቱ አቆመው። ሲያልቅ ለማን ነው መጀመሪያ የሚፈሰው?

መምህሩ፦ ያው ጥያቄ ነው፤ አልክድም። ግባ ግን ቢያንስ ቁልቁል የመጣ የራሳችን ዝናብ ነው። ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሪያድ በዓመት 100 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ መቀሌ 600 ገደማ። ስድስት እጥፍ! በረሃ አይደለንም። ችግሩ ያ ሁሉ በሐምሌና በነሐሴ መውረዱ ነው፤ ይወርዳል፣ አፈር ይዞ ይሄዳል፣ መስከረም ላይ ወንዙ ይኮሰምናል። ሀምሳ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በዓመት 30 ሜትር ኩብ ይቀበላል። በትነትና በመፍሰስ አንድ አምስተኛው ይጥፋ፤ 24 ይቀራል። 1,200 ጀሪካን ነው። ከራስሽ ጣራ። ጨው የለው፣ ዳገት የለው፣ ድንበር የለው።

ተመላሿ፦ የማን ጣራ? እኛ የምንኖረው ተከራይተን ነው። ባለቤቱ ገንዳ ካልቆፈረ እኔ ልቆፍርለት? በሁለት ወር የሚወርደውን 24,000 ሊትር በምን ልያዘው? ከጅዳ በላክሁት ገንዘብ አንድ ሮቶ ገዝተናል፤ አንድ ሺህ ሊትር። አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ የቀረው ይፈስሳል። እርስዎ 1,200 ጀሪካን ይላሉ፤ እኔ 50 ይዤ ዓመቱን እጠብቃለሁ።

መምህሩ፦ ገንዳ ለመሥራት ብድር...

ተመላሿ፦ ተከራይ ለባለቤት ገንዳ አይበደርም።

መምህሩ፦ እሺ። ጣራው ለሁሉ አይሆንም፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለመንግሥት ሕንፃ ይሆናል። ከጣራው የሚበልጠው ግን ተራራው ነው። የአብርሃ ወአጽብሃን መንደር ታውቂያለሽ፤ ከውቅሮ ወዲያ። በአንድ ወቅት ሰው ለቅቆ ሊሄድ የደረሰበት ምድር ነበር። እርከን ሠሩ፤ ቦረቦሩን ገደቡ፤ ከብት ከተራራው አገዱ። ውኃው ወደ ምድር ገባ፤ በጥቂት ሜትር ጥልቀት የእጅ ጉድጓድ ውኃ ሰጠ፤ አትክልትና ፍራፍሬ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ኢኳተር ሽልማት ሰጣቸው። በ2017 ደግሞ ትግራይ በጠቅላላው በረሃማነትን በመከላከል ፖሊሲ የዓለምን የወርቅ ሽልማት አገኘች። እኛ ያለን ማጣሪያ ይህ ነው፤ ድንጋይና ሰው። ዓይናለምም የሚጠጣው ከዚያው ነው። በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የገባ የክረምት ውኃ ነው፤ ማንቆርቆሪያሽ ታች ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ለዚህ ነው። ተራራው ካልያዘ ጉድጓዱ አይሞላም።

ተመላሿ፦ አውቃቸዋለሁ፤ እናቴ ያደገችው እርከን ስትሠራ ነው። በዓመት 20 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ያለ ክፍያ ድንጋይ ተሸክማለች። ሽልማቱ ያኮራኛል። ግን መምህር፣ ያ ሁሉ ድንጋይ መሸከም ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1987 ዓ.ም. ገደማ ኮሳኤርት የተባለው ኮሚሽን በ10 ዓመት 500 ግድብ እሠራለሁ ብሎ ተነስቶ ከ50 ገደማ ብዙም አላለፈም። ከተሠሩትም ብዙው በደለል ሞላ፤ ሌላው በዚያው በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ፈሰሰ። ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ገበሬው ድንጋይ ይሸከማል፤ ከተማው ይጠጣል፤ ሽልማቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እናቴ ከገጠር መጥታ መቀሌ ስትገባ፣ ተሸክማ ያጠራቀመችውን ውኃ ከጋሪ በውድ ትገዛለች።

መምህሩ፦ ይህን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም።

ተመላሿ፦ እኔም አሁን ነው የታየኝ።

መምህሩ፦ እንግዲያው አሳቤን ላስተካክል። እርከኑ በነጻ ጉልበት መሆኑ ስህተት ነበር፤ ወይም ለአንድ ትውልድ ልክ ሆኖ ለሚቀጥለው ስህተት ሆነ። ከተማው ለተራራው መክፈል አለበት። በውኃ ሂሳብ ላይ ትንሽ ተጨምሮ፣ በላይኛው ተፋሰስ እርከን ለሚጠግን፣ ቦረቦር ለሚገድብ፣ ከብቱን ለሚያግድ ሰው ደሞዝ ይሁን። ሳዑዲ ለሹቀይቅ ማሽን የምትከፍለውን እኛ ለእንደርታና ለደጉዓ ተምቤን ገበሬ እንክፈል። የግባ ግድብም እድሜ የሚኖረው ከላዩ አፈሩ ከተያዘ ብቻ ነው። ዶላር አይጠይቅም፤ መለዋወጫ አይጠይቅም፤ ጦርነት ቢመጣ እርከን መብራት አይጠፋበትም።

ተመላሿ፦ ጥሩ ነው። ከባሕሩም ይሻላል፣ እቀበላለሁ። ደግሞ የባሕሩን ጨው የት እንደምጥለው አላሰብኩም ነበር። ከማጣሪያዎች የሚወጣው ጨዋማ ፍሳሽ ከሚገኘው ውኃ እንደሚበልጥ አንብቤአለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በዓለም በቀን 95 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ሲመረት 142 ሚሊዮን ጨዋማ ፍሳሽ ይወጣል፤ ከግማሽ በላዩ ከሳዑዲ፣ ከኤምሬትስ፣ ከኩዌትና ከኳታር። ዓሣ አጥማጁ ይጎዳል። ይህን በሒሳቤ አላስገባሁም።

መምህሩ፦ ሁላችንም የምንተወው አለን።

ተመላሿ፦ እርስዎም የተዉት አለ። ስንት ዓመት ነው የጠየቁኝ?

መምህሩ፦ እንዴት?

ተመላሿ፦ ከተማው ለተራራው መክፈል ይጀምር። ሕጉ ይውጣ፣ ገንዘቡ ይሰብሰብ፣ እርከኑ ይጠገን፣ ውኃው ይስረግ፣ ግባ ይለቅ፣ መስመሩ ይዘርጋ፣ የሚያፈሰው አሮጌ ቧንቧ ይቀየር። አሥር ዓመት? አሥራ አምስት? የባሕሩን ውድነት በዶላር ቆጠሩልኝ። የእርከኑን ትዕግሥት በምን ቆጠሩት? ታናሽ እህቴ 15 ዓመቷ ነው። እርስዎ ያሉት ሁሉ ትክክል ሆኖ ውኃው ሲደርስ እሷ እናት ትሆናለች። ልክ እኔ በ15 ዓመቴ ጀሪካን ይዤ እንደቆምኩት፤ ያኔም «ግድቡ እየመጣ ነው» ይሉን ነበር። ሰው ለምን በአፋር በረሃ አድርጎ ጥማት እየገደለው ወደዚያ ባሕር እንደሚወርድ ይገርማችኋል። እኔ የሄድኩት ለገንዘብ ብቻ አልነበረም።

መምህሩ፦ ጓለይ፣ ልጄ፣ ለዚህ መልስ የለኝም። የማውቀው አቋራጭ የተባለው ሁሉ ረዝሞ እንዳየሁ ነው። አንድ ትልቅ ነገር እስኪመጣ እየጠበቅን ትንንሹን ሁሉ ትተናል፤ የሚያፈሰውን ቧንቧ፣ የተበላሸውን ፓምፕ፣ በየሰፈሩ ተራ አከፋፈሉን። ባሕሩም እንደዚያ አንድ ሌላ ትልቅ ነገር እንዳይሆን ነው የምፈራው።

ተመላሿ፦ ተራ አከፋፈሉን ካነሱ፣ እሱ ነገ መስተካከል ይችላል። ዶላር አይጠይቅም፤ እርከንም አይጠይቅም። የትኛው ሰፈር በየስንት ቀኑ እንደሚያገኝ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ሳዑዲ ነዳጅ ስላላት ብቻ አይደለም የምቀናባት። እዚያ ውኃው መቼ እንደሚመጣ አሠሪዬ ማዳም አትጠይቅም ነበር። ዋይት የሚሉት ቦቴ ሲያስፈልግ እንኳ ደውላ ሰዓቱን ታውቃለች። እኛ ሰዓቱን ካለማወቅ ነው የምንሞተው። ሌሊት ተነስቶ ቧንቧውን በጆሮ ማዳመጥ፤ «ሽ» ሲል ቤቱን ሁሉ መቀስቀስ።

መምህሩ፦ እህትሽ ዛሬ የት ናት?

ተመላሿ፦ ቦኖ ላይ።

መምህሩ፦ መቼ ወጣች?

ተመላሿ፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት።

መምህሩ፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ተመላሿ፦ ሦስት ሰዓት ከሩብ።